ሊታወስ የሚገባው

ሐምሌ 8

ይህን ደብተር ለሥራ ነበር የገዛሁት። እኔና ይሻው ለክረምት ሠልጣኝ መምህራን ከላቲን የመጡ የእንግሊዝኛ ቃላትን በአማርኛ የሚፈታ ትንሽ መጽሐፍ እያዘጋጀን ነው። ቃላቱን በፊደል ተከፋፍለናቸዋል፤ «ኤም» ለእኔ ደረሰኝ። ዛሬ «ሜሞራንደም» ላይ ቆምኩ። ኮሌጃችን ውስጥ ሜሞ የማይጽፍ የለም፤ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ግን አላየሁም።

«ሜሞር» በላቲን የሚያስታውስ፣ ያልዘነጋ ማለት ነው። ከሱ «ሜሞራሬ» ይወጣል፤ ማስታወስ፣ ማንሳት፣ መናገርም ነው። «ሜሞራንዱም» ሲሆን ግን ግዴታ ይጨመርበታል፤ ሊታወስ የሚገባው። የድሮ እንግሊዝ ጸሐፊዎች በውላቸው ራስጌ ያሰፍሩት ነበር፣ እኛ ደብዳቤ ስንጀምር «ይድረስ» እንደምንለው። እየቆየ ትእዛዙ ራሱ የወረቀቱ ስም ሆነ።

ለይሻው ሳነብለት ከት ብሎ ሳቀ። ጠረጴዛዎቻችን ፊት ለፊት ናቸው። ከጋፋት በታች አንድ ሸንተረር ላይ ተወልደን፣ አብረን ተምረን፣ አንድ ቢሮ የገባን ሰዎች ነን።

«እኛ አገር ሜሞ ማለት አለቃውን የፈራ ሰው የሚጽፈው ነው። እንደሱ ብለህ ፍታው፣ ተስፋነህ» አለኝ።

ዝናቡ አያባራም።

ሐምሌ 11

ሙላቴን ገደሉት። ታናሼን።

አስናቀ ነው። የይሻው ታላቅ ወንድም። በክላሽ።

ወደ እማ እየሄድኩ ነው።

ሐምሌ 14

ቀብረን ተመለስን። እጄ አሁን ነው ብዕር የያዘልኝ።

ነገሩ የቦይ ነው። ከእኛ ማሳና ከአስናቀ ማሳ መካከል አባቶቻችን የቆፈሩት ቦይ አለ። ክረምቱ ሲበረታ ሙላቴ የእኛ ገብስ እንዳይሰጥም ውኃውን ወደ አስናቀ ድንች መለሰው። አስናቀ ደግሞ መልሶ ወደኛ አዞረው። እንዲህ ሲመላለሱ ሳምንት ያህል ቆይተዋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ቦዩ ላይ ተገናኙ። ሙላቴ ዱላ ይዞ ነበር ይላሉ። ዱላ የማይዝ ገበሬ ማን ነው? የአስናቀ ግንባር አስቀድሞ ተፈንክቶ ነበር፣ ወድቆም ነበር የሚሉ አሉ። ሰው የሚለውን ሁሉ መጻፍ አያስፈልግም። አስናቀ ቤቱ ገብቶ መሣሪያውን ይዞ ወጣ። ሙላቴ ውኃው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው የተገኘው። ቦዩ እስከ ታችኛው ማሳ ድረስ ቀልቶ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ገና አላገባም።

እማ ራሷን ተላጭታለች። ያቀፈችው ጊዜ ደም የነካውን ነጠላ አላጥብም ብላ ከጉያዋ አስገብታዋለች። ከለቅሶው መካከል አንዲት አልቃሽ ፊቷን ወደኔ መልሳ እንዲህ አለች፦

ወንድምህ ምሁር ነው፣ የፈረንጅ ቃል አዋቂ፤
ደምህ ሲጣራበት ሆነ ትርጉም ጠያቂ።

ሴቶቹ ሁሉ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የለቅሶ ግጥም ነው፤ ቁም ነገር አይደለም።

ሐምሌ 16

ፖሊስ ዘንድ ሄድኩ። በሕግ የማምን ሰው ነኝ፤ ይህንን ለሁሉም ተናግሬአለሁ። አንድ ድካም የሚታይበት ሳጅን ተቀበለኝ። አስናቀ ቆላ ወርዷል፤ እነሱ ደግሞ በዚህ ጊዜ ከድልድዩ ወዲያ መሄድ አይችሉም። ከሰሞኑ ተኩስ ወዲህ ፍርድ ቤቱም አልተከፈተም።

«ሰላም ሲሆን ና» አለኝ።

«መቼ ነው ሰላም የሚሆነው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ መምህር?»

ስመለስ በአጅባር ሜዳ በኩል ከባድ ተኩስ ነበር። ሱቆች መዝጊያቸውን እየጎተቱ ዘጉ። አንድ ግንብ ሥር ተለጥፌ ቆየሁ። የፈራሁ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ቀንቼ ነው። የሚተኩስ ሰው ቢያንስ እጁ ሥራ አልፈታም።

ይህን መስመር መሰረዝ ይኖርብኛል።

ሐምሌ 19

አያ ጓንጉል የእማ ወንድም ናቸው። ሽበታቸው ደረታቸው ደርሷል፤ ምንሽር ጠመንጃቸውን ሲቀመጡም ከጉልበታቸው አያወርዱም። ከለቅሶው ድንኳን ኋላ ጠርተው አነጋገሩኝ።

«አስናቀን ቆላ ወርደህ አታገኘውም» አሉኝ። «ደግሞስ አስናቀ ምን አለው? ድንችና ፍየል። ቢሞት ማን ያለቅስለታል? የዚያ ቤት ምሰሶ ሌላ ነው።»

«ማን ማለትዎ ነው?»

«አንተ ፊት ለፊትህ አስቀምጠህ የምትውለው።»

ይሻው ምንም አላደረገም፣ የዚያን ቀን ኮሌጅ ነበር፣ ከኔው ጋር ነበር አልኳቸው።

«ሙላቴስ ምን አደረገ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ይህንን እንኳ ትምህርት ቤት አላስተማሩህም?»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት መስማማት አይደለም። ለሽማግሌ መልስ መስጠት ስለማይገባ ነው።

ሐምሌ 23

ትናንት የአስናቀ ቤት ተቃጠለ። ሚስቱና ልጆቹ አስቀድመው ወደ ዘመዶቻቸው ሸሽተው ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ ይህ መልካም ነው። በረት ውስጥ የቀረች ጊደር ነበረች። ድምፅዋ እንዲህ ሰው የሚመስል አይመስለኝም ነበር። ጎተራው ሲነድ ገብሱ እንደ ቆሎ ተንጣጣ።

እኔ አጥሩ ዘንድ ነበርኩ። የአጎቴ ልጆች ናቸው የገቡት።

ሠናይት ዛሬ ጋቢዬን ደጋግማ አጠበችው። ባለቤቴ የደሴ ልጅ ናት፤ የኛን አገር የደም ነገር አታውቀውም።

«ነጭ ጋዝ ይሸታል» አለችኝ።

«ከእማ ቤት ኩራዝ ይሆናል።»

ጋቢውን አሰጣችው። ሌላ አልጠየቀችም። እኔም ሌላ አልጨመርኩም።

ሐምሌ 27

ይሻው ቢሮ መጣ።

አይመጣም ብዬ ነበር። ልማዱ ከደመኛ ዐይን መራቅ ነው። እሱ ግን በሩን አንኳኳ፤ የገዛ ቢሮውን በር። ከስቷል። ጠረጴዛው ዘንድ ሄዶ ሳይቀመጥ ቆመ።

«ለቅሶ ልደርስ አልቻልኩም» አለ። «ሙላቴን እኔም አዝዬዋለሁ፤ ታውቃለህ። ወንዝ ሳሻግረው ጆሮዬን እየጎተተ።»

ብዕሬን ከደንኩ።

«ቤታችን ተቃጠለ። እሱንም አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ከዚህ ልጥፋ ወይስ ልቀመጥ?»

ዐይኔ ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋው ወረቀት ላይ አረፈ። ያን ቃል ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም ነበር። አየውና በጣቱ አመለከተኝ።

«አልጨረስከውም።»

«ጨርሼዋለሁ። ሊታወስ የሚገባው። ግዴታ ነው፤ አንተው ታውቃለህ ሰዋስዉን። ታስታውስ እንደሆን አስታውስ አይልም፤ የግድ ነው ይላል።»

ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉ ሠልጣኞች ቆመው አዩን።

«ይላል» አለ ይሻው ቀስ ብሎ። «ይታወስ ይላል። ይፈጸም ግን አይልም። እሱን የጨመርከው አንተ ነህ። ደግሞ እንዲታወስ የሚገባው ሙላቴ ከሆነ፣ ሙላቴን እናስታውሰው። ሳቁን፣ ወንዙን። አንተ የምታስታውሰው ጥይቱን ነው።»

«አንተ ምን አለብህ? ያንተ ወንድም በሕይወት አለ።»

አንገቱን ደፋ። ደብተሮቹን ሰብስቦ ሄደ። ልቀመጥ ወይስ ልጥፋ ላለው አልመለስኩለትም።

የተናገረው ስሕተት ነው። ቃሉን በሰዋስው ብቻ መፍታት አይቻልም። ግዴታ ያለው ነገር ባዶውን አይቆምም፤ ማስታወስ የሚገባህ ልታደርገው የሚገባህን ነው። ሜሞ ሲደርስህ አስበኸው አትተኛም፤ የታዘዘውን ትፈጽማለህ። ይህንን ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር።

ነሐሴ 3

ሽማግሌዎች ገቡ። ዋናው መምሬ ዓለምነው ናቸው፤ ብዙ ዘመን ጣራ ገዳም የቆዩ፣ ደም ሲያስታርቁ ያረጁ ካህን። ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር እኛን በአንድ በኩል፣ የይሻውን ወገኖች በሌላ በኩል አስቀመጡን። እስከ መስቀል ማንም ማንንም እንዳይነካ፤ ከመስቀል በኋላ እርቁ እንዲፈጸም ቆረጡ። ከየወገኑ አንድ ሰው ወንጌል ጨብጦ እንዲምል ተጠየቀ። ከኛ በኩል ሁሉም ወደኔ አየ።

«እጄን አልሰድም» ብዬ ማልኩ። ይሻውም ማለ።

አያ ጓንጉል ጉልበቴን አሞኛል ብለው ቀርተዋል።

ለእማ ስነግራት ግድግዳ ግድግዳ እያየች «የኔ ልጅ ዋጋው ስንት ላም ተባለ?» አለች። ካሳ አልተነሳም አልኳት። «ይነሳል» አለች።

ነሐሴ 12

የሙላቴን በሬዎች ቋንጃቸውን ቆረጧቸው። ሁለቱንም። ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ስደርስ በፊት እግራቸው ለመነሳት ይታገሉ ነበር። ጭቃውን በደረታቸው እያረሱት። አንዱ ወደ እማ እየተጎተተ መጣ፤ ጨው የምታልሰው እሷ ናትና። ቢላዋ አመጣሁ። አንገታቸውን የያዘችው እማ ናት። ደሙ እስከ ክርናችን ደረሰ።

«ይኸው እርቅህ» አለችኝ።

ይሻው የላከው አይመስለኝም። አልላከም ብዬ ግን ልምል አልችልም።

ነሐሴ 15

ገበያ ላይ ከአስናቀ አማች ጋር ትንሽ ተጋፋን። ቀድሞ ያየኝ እሱ ነው። አስተያየቱ ጥሩ አልነበረም። ሰዎች መሐል ገብተው ገላገሉን።

ሠናይት ሁለት ጥርሱ እንደረገፈና አንድ ዐይኑ እንዳበጠ ሰምታ መጣች። ጭቃው ያዳልጣል፤ ወድቆ ይሆናል። የቀኝ እጄ ጣቶች ግን ለመጻፍ አስቸግረውኛል።

መሐላዬ አልፈረሰም። እጄን አልሰድም ያልኩት በነፍስ ነው።

ነሐሴ 20

የሙላቴ አርባ። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፤ ሕዝቡ ለዝክር ተሰበሰበ። ዳስ የለም፣ ጠላ የለም፣ እንጀራ የለም። እማ ደጃፉ ላይ ከሏን ለብሳ ተቀመጠች።

«ተዝካር የለም» አለች፤ ሁሉም እየሰማ። «ልጄ ገና ሜዳ ላይ ነው። ደሙ ሲመለስ ያን ጊዜ እደግሳለሁ። ወንድ ካለኝ።»

ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ወጣ። እኔን ሲያልፉ ሰላምታቸው አጭር ነበር። ልጅነቴን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አንዱ «በርታ መምህር» አለኝ፤ «መምህር» የምትለዋን እንደ ምራቅ ተፋት።

ተዝካርም እኮ ያው ነው። ዘከረ፣ አስታወሰ። ግዕዙም ላቲኑም አንድ ቦታ ደርሰው ቆመዋል። የሞተ ሰው ካልታወሰ ሁለተኛ ይሞታል። እማ ይህንን ለማወቅ ሰዋስው አላስፈለጋትም።

ነሐሴ 26

ይሻው አመሻሽ ላይ ከቤቴ መጣ።

በሩን የከፈተችው ሠናይት ናት። እንደ ቤተ ዘመድ እጁን ይዛ አስገባችው። ካፖርቱ እየተንጠባጠበ ከጫፍ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ከአዲስ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ እገባለሁ» አለ። «እናቴን ይዤ። አንድ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል። እዚህ ብቆይ አንተም አታርፍ፣ እኔም አላርፍ።»

«መልካም» አልኩት።

«ከዚያ በፊት እናቴን ወንዛዬ ወስጄ ጳጉሜን ፍል ውኃ ላስነክራት ነው። እግሯ እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ መርገጥ ትታለች። መንገዱም ለበዓል ተከፍቷል ይላሉ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለወገኖቼም እንኳ ጎንደር ልሄድ ነው ብያለሁ። ለአንተ ግን ሳልነግር መሄድ ከበደኝ።»

«ለምን?»

«የማልከው አንተ ነሃ። ፈቃድህን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ሠናይት ፊቷን ወደኔ አዞረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እናቱ እትዬ ሙሉ ልጅ ሳለሁ ትኩስ ድንች በቅጠል ጠቅልለው በኪሴ ይጨምሩልኝ ነበር። ይህን ሳስብ ነው መሰለኝ ድምፄ ለስለስ አለ።

«ሂድ። ማንም አይነካህም» አልኩት።

ተነስቶ ትከሻዬን ሳመኝ። የሳመኝ ቦታ እርጥብ ሆኖ ቆየ።

ነሐሴ 28

ጋፋት ወጥቼ እማን ጠየቅኋት። አያ ጓንጉልም ነበሩ። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል። እማ እህል አቅርባልኝ አታውቅም ካርባው ወዲህ፤ ዛሬም አላቀረበችም። ስለ ብዙ ነገር አወራን። ስለ ገብሱ፣ ስለ መንገዱ መከፈት። ስለ ጠበልም አወራን። ጳጉሜ ሲደርስ ስለ ጠበል የማያወራ ሰው የለም።

ስወጣ አያ ጓንጉል እስከ አጥሩ ሸኙኝ። ሸኝተውኝ አያውቁም ነበር።

ጳጉሜ 1

ከቤት አልወጣሁም። ክፍል ገብቼ ማስተማር አልቻልኩም።

ይሻው ዘንድ ልደውል አሰብኩ። እንዲያው ደኅንነቱን ለመጠየቅ። ስልኩ ኔትወርክ የለም አለ። አንድ ጊዜ ሞከርኩ።

ጳጉሜ 2

ዛሬም ኔትወርክ አይኖርም ብዬ አልሞከርኩም።

ሠናይት «ምን ሆነሃል?» ትለኛለች በየሰዓቱ። ምንም አልሆንኩም።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። እንደ ወጉ ዘነበ። የጎረቤት ልጆች ዝናቡ ላይ እየጨፈሩ ይታጠባሉ። መስኮቱን ዘጋሁት።

ጳጉሜ 4

ጎረቤታችን ዓይናለም ከወንዛዬ ተመልሳ መጣች። ሌላ ጊዜ ጠበል በጀሪካን ታመጣልን ነበር። ዛሬ ባዶ እጇን በራችን ላይ ቆማ ለሠናይት ስትነግራት ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። እንደነገረቻት እጽፈዋለሁ።

«እናቱን አዝሎ ከፍል ውኃው ሲወጣ ነው። እኛ ሴቶቹ ልብስ ስንለብስ። ሦስት ናቸው፣ አንዱ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ። ይሻው ብሎ በስሙ ጠራው። ዞሮ አየው። አልሮጠም። እንዴት ይሩጥ፤ ከጀርባው እናቱ አለች፤ ቢዞር ጥይቱ እሷን ነው የሚያገኛት። ‹አያ ጓንጉል፣ እናቴን ላውርዳት› አለ። ‹አውርድ› አሉት። እኔ የሚምሩት መሰለኝ። በእግዚአብሔር እልሻለሁ፤ የሚምሩት መሰለኝ። ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፣ ነጠላዋን እንዳይበርዳት አለበሳት። እሷ ዐይኗ ደካማ ነው፤ ‹ማነው? ማነው የጠራህ?› ትላለች። ‹የሀገር ሰው ነው እናቴ› አላት። ከዚያ ቀና ብሎ ከሷ ራቅ አለ። ትንሽ። እሷን እንዳይነካት። ያኔ ተኮሱ።»

ሠናይት አፏን ይዛ ቁጭ አለች።

«ሁለት ጊዜ ደረቱን፣ ከወደቀ ደግሞ አንድ ጊዜ ፊቱን። ደሙ ከውኃው እንፋሎት ጋር ጨሰ። እናቱ እየዳኸች በእጇ ትፈልገዋለች። ሽማግሌው ምንሽሩን ወደ ሰማይ ተኩሶ ፎከረ።»

«ምን ብሎ?» አለች ሠናይት።

ዓይናለም ወደ ጓዳው አየች። እንዳለሁ አውቃለች።

«‹ከተስፋነህ ዘንድ ነው!› ብሎ።»

ጳጉሜ 5

አያ ጓንጉል ፉከራው ላይ ስሜን ያነሱት የሟቹ ታላቅ ወንድም ስለሆንኩ ነው። ልማድ ነው። እኔ ከተማ ነበርኩ፤ ሁሉም ያውቃል።

ሠናይት ሻንጣዋን አዘጋጀች። መንገዱ ሳይዘጋ ደሴ እናቴ ዘንድ ልግባ አለች። ለአዲስ ዓመት እንኳ ቆዪ አልኳት። ዚፑን እየሳበች፣ ቀና ሳትል፦

«ወንዛዬ እንደሚሄድ የነገረው ለእኔና ለአንተ ብቻ ነው» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ ለማንም አልነገርኩም ማለቴ ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳለች አልገባኝም። ሐዘን ሰውን ያሳስታል። መናኸሪያ ልሸኝሽ ስላት ሻንጣውን ከእጄ ነጥቃ ብቻዋን ሄደች። ዝናብ ላይ ጥላዋን ሳትዘረጋ።

መስከረም 2

አንድ መርማሪ መጥቶ ጠየቀኝ። የዚያን ዕለት የት እንደነበርኩ ነገርኩት፤ ጻፈ። አጎቴ የት እንደሄዱ አላውቅም አልኩት፤ ጻፈ። ይህ እውነት ነው፤ ቆላ ወርደዋል ይላሉ እንጂ የትኛው ቆላ እንደሆነ አላውቅም።

ከተማ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ቆብ ያነሱልኛል። ሥጋ ቤቱ ዘንድ ወረፋ ለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ እጄን ጨብጠው «አገር ኮራ» አሉኝ። ምንም አላደረግሁም ልላቸው ነበር። የገዛሁትን ሥጋ ይዤ ወጣሁ። ብላቸውስ እንደ ትሕትና ነበር የሚቆጥሩት።

መስከረም 7

የትምህርት ክፍል ኃላፊው መጽሐፉ ማተሚያ ሊገባ ነው፣ የቀረህን አስገባ አለኝ። ጨረስኩት። እንዲህ አድርጌ፦

«ሜሞራንደም፦ ከላቲን ሜሞራሬ፣ ማስታወስ። ቃል በቃል ሊታወስ የሚገባው። ዛሬ በመሥሪያ ቤቶች አጭር የውስጥ ማስታወሻ። ሲበዛ ሜሞራንዳ።»

ኃላፊው አንብቦ ጥሩ ነው፣ አጠር ያለ ነው አለ። የይሻውን ፊደላት ማን ይሥራቸው ብሎ ጠየቀ። እኔ አልኩት። ጠረጴዛውን ከፊቴ ያነሱልኝ ዘንድ ለመንኩት። ቦታ ለማስፋት ነው አልኩ።

መስከረም 9

መምሬ ዓለምነው ከቢሮዬ ድረስ መጡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ከእትዬ ሙሉ ቤት ነው የመጣሁ። ምግብ አልቀምስም ብላለች። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቅ፤ ልጄ የት እንዳለ ማን ነገራቸው ትላለች። ምን ልበላት?»

«ጠበል ላይ ብዙ ሰው ያየዋል አባቴ።»

«ያየዋል።»

ወንጌሉን ጨብጬ ስምል የያዙልኝ እሳቸው ነበሩ። አሁንም ያን እጄን ነበር የሚያዩት። ከጠረጴዛው ሥር አወረድኩት።

«ለመስቀል የቀጠርነው እርቅ ቀርቷል» አሉ። «የሚያስታርቅ ሽማግሌ መሐላ ያስፈልገዋል። ያንተን መሐላ ከእንግዲህ ማን ይቀበላል? እኔ አልቀበልም።» ሳይባርኩኝ ወጡ።

መስከረም 13

ዛሬ ተዝካሩ ወጣ።

እማ ከሏን አውልቃለች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ራሷን በነጭ ሻሽ አስራ፣ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ስትሮጥ ሃያ ዓመት የቀነሰች መሰለች። ሦስት በሬ ወድቋል። ዳሱ ከበሩ እስከ ቦዩ ይደርሳል፤ ጠላው በገንቦ አልበቃ ብሎ በበርሜል ነበር። ያ «በርታ መምህር» ያለኝ ሰውዬ ብርሌ ይዞ መጥቶ ተጎንብሶ ሰጠኝ።

ከዳሱ ባሻገር ያለው ቤት ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው፤ ጥቁር። እትዬ ሙሉን ዘመዶቻቸው እዚያ ፍርስራሽ አጠገብ ጎጆ ቀልሰውላቸዋል። ካህናቱ ጸሎት ሲያቆሙ፣ ከበሮው ሲያርፍ፣ ድምፃቸው ይሰማል። ልቅሶ አይደለም። የልጃቸውን ስም ነው የሚጠሩት። ሰው ሁሉ ያኔ ጮክ ብሎ ማውራት ይጀምራል።

አንድ የአጎቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አስናቀ ከቆላ ወጥቷል አሉ። ትናንት ማታ ከወንዙ ማዶ ታይቷል» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፤ ክላሹን ከጎኔ አቁሞልኝ ሄደ። የሙላቴ ይሁን የሌላ አልጠየቅኩም። ወንበሬን ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሳብኩና ጀርባዬን ለምሰሶው ሰጠሁ። ከዚያ ጀምሮ በዳሱ በር የሚገባውን ሁሉ እጅ እጁን አያለሁ።

እማ መሶቡን ይዛ መጣች። ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ።

«እናንተ ሰዎች» አለች፤ «ሁለት ወንድ ወለድኩ። አንዱን ቀበርኩት። አንዱን ደግሞ የተማረ ነው፣ ለኛ አይሆንም ብዬ በሕይወቱ አልቅሼለት ነበር። ልጄን አላውቀውም ነበር።»

እልልታው ዳሱን ሞላው። እማ እጇን ታጥባ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች፤ ወጡ በጣቶቿ መካከል ይንጠባጠባል። ከባድ ጉርሻ ነበር። ፊቷን ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ በምርቃቴ ቀን እንኳ።

ማዶ እትዬ ሙሉ ስሙን ጠሩ።

ምንም አላደረግሁም እማ፣ ልላት አፌን ከፈትኩ።

አጎረሰችኝ።